በሜትር የተከፈለ ኩሬ

ዘንድሮ ጸደይ ገብቷል የሚለኝ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ካፖርት ታጥቦ ሣጥን ውስጥ በሚገባበት ሰሞን ደንበኞቼ የካፖርት ገበር ሊያስቀይሩ ሱቄ በር ላይ ይጋፉ ነበር። ለልብስ ሰፊ ክፉ ጊዜ አይደለም፤ ለሰማዩ ግን ነውር ነው። ዝናቡ ደግሞ አንዴ ዘንቦ አይወጣለትም። ያካፋል፣ ያርፋል፣ ተመልሶ ያካፋል፤ ኩርፊያው እንዳልለቀቀው ሰው። ኩርፊያን ካነሳሁ ዘንዳ ስለ ባለቤቴ ላውራችሁ።

ባለቤቴና ታናሽ እህቷ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። የፊተኛው ቤት የኛ ነው፤ ሰፊ ነው፣ መስኮቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። የኋለኛው የታናሿ ነው፤ አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ፣ ከጎረቤቱ ዳቦ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ኩሬ አለ። የቆፈሩት አማቴ ናቸው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋዜጣ ያነባል፤ እሳቸው አካፋ ገዝተው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ዳሩን በድንጋይ ገነቡ፣ የውሃ አበባ ተከሉ፣ ዓሣ ጨመሩበት። ከዓሣዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ክንድ የሚያህል ነው፤ መልኩ ብርቱካን፣ ጀርባው ላይ ሦስት ነጫጭ ነጠብጣቦች የተደረደሩለት። ነጠብጣቦቹ የማዕረግ ኮከብ ስለሚመስሉ ሻምበል አሉት። ሻምበል ስሙን ማወቁን እንጃ፤ ባለቤቴ ግን ያውቃል ብላ ትምላለች።

አማቴ የሚኖሩት ከኛ ጋር ነበር። ባለቤቴ ትልቁን ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ ተኝተው ኩሬውን እንዲያዩ በግድግዳው ላይ አዲስ ሰፊ መስኮት አስከፍታ፣ አሳምራ ሰጥታቸዋለች። ስታጥባቸው፣ ስታጎርሳቸው፣ ስታነሳ ስታስቀምጣቸው ኖራለች። በመጨረሻው የብርድ ወራት ሕመሙ ሲጠናባቸው ግን አንድ ቀን ካልጋቸው ሆነው፣ ወደ ትንሿ ውሰዱኝ አሉ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። ተሸክሜ በግቢው ያሻገርኳቸው እኔ ነኝ። እዚያው ታመው እዚያው ሞቱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በባለቤቴ ልብ ውስጥ የተቀመጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የደከምኩት እኔ ቆሜ፣ አባቴ ጭንቅ ሲመጣ እሷን መረጠ። አፍ አውጥታ አልተናገረችውም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፣ ሆዷም እየፈጀው ከረመ። በሕመማቸው ጊዜ በየቀኑ ምግብ ይዛ እስከ እህቷ ደጃፍ ትሄድ ነበር። ሳህኑን ታቀብላለች፣ ከደጁ ሆና አባቷን እንደምን አደርክ ትላለች፣ ትመለሳለች። ግቢ ስትባል አትገባም። የሞቱ ለት እንኳ ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ከበሩ አላለፈችም። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ ባለቤቴን ግን ቀጥ አድርጎ ነው ያቆማት።

ሐዘኑ እንዳለፈ ግቢው ይከፈል ተባለ። ሰው ግቢ ሲከፍል ኩሬ ካለበት ይደፍነዋል፣ አለዚያም ላንዱ ይተወዋል። እነዚህ ሁለቱ በምንም ሳይስማሙ ኖረው ኩሬውን ከመሀል ለመክፈል ተስማሙ። በዓመቱ ከታዩት ጥቂት ፀሐያማ ቀኖች ባንዱ የልብስ ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። ርዝመቱን ለካሁ፣ ወርዱን ለካሁ፣ መሀሉን በዳርና ዳሩ ድንጋይ ላይ በቾክ አሰመርኩ። ከዚያ የናይለን መረብ ከዳር እስከ ዳር ወጠርኩ፤ ቀጥ ብሎ እንዲወርድም እንደ መጋረጃ ታቹ ላይ ክብደት ሰፋሁለት። እግሬ ውሃ አልነካም። ቆንጆ ሥራ ነበር፣ ሁለቱም አመሰገኑኝ።

ባለቤቴ ታላቅ ናትና ቀድማ መረጠች። ደረጃ ያለውን፣ ፀሐይ የሚያርፍበትን፣ አባቷ ይቀመጡበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለበትን ወገን ወሰደች። ለታናሿ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ጥላ ስር ያለው ጨለም ያለው ደረሳት፤ እሺ አለች። መረቡ ሲወጠር ሻምበል በኛ በኩል ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ባለቤቴ ያን ለት ሳህን እያጠበች ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ነው ብርዱ ተመልሶ የመጣው። በሰፈራችን ኩሬ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም የዓሣ መኖ ሻጩ ዘንድ ተሰብስቦ ያለቅስ ጀመር። ያንዱ የውሃ አበባ ሳይፈነዳ በሰበሰ። የሌላው ኩሬ ሞልቶ ጓዳው ገባ፣ ፓምፑም ተቃጠለ። አንዲት ጡረተኛ መምህርት እንቁራሪቶቼ አልመጡም ብላ የቀረባትን ዘመድ ያህል ትጠብቃቸዋለች። መኖ ሻጩ ራሱ ሸቀጡ ሳይነካ እየተቀመጠበት፣ በዚህ ብርድ ዓሣ ሆዱ አይፈጭም፣ አትግዙኝ ይላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ከቆየች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቴ መጥታ ነበር ወይ አለችው። አልመጣችም አላት። እንግዲያው የሷዎቹ ደኅና ናቸው ማለት ነው ብላ ፊቷ ጠቆረ። ከዚያም ትልቁን ከረጢት መኖ ገዛች።

ሻምበል ብርዱ ከገባ ወዲህ አንድ ዓመል አወጣ። አፍንጫውን መረቡ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ፊቱ ወደ ታናሿ፣ ጅራቱ ወደኛ። ጠዋት ስንወጣ እዚያ ነው፣ ከሥራ ስንመለስ እዚያው ነው። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆማ ታየዋለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ እሱም እንደ አባቴ አለች አንድ ቀን፣ ለራሷ። እኔ መስማቴን አላወቀችም።

ልቡን በሆዱ በኩል ልትመልሰው ተነሳች። ትበትንለታለች፣ አይበላም፤ አልበላም ሲላት ትጨምርለታለች። መኖው ውሃ ላይ ያብጣል፣ ይሰምጣል፣ ይሸታል። እኔ ምሳ ስጠይቃት ድስቱ የት እንዳለ ታውቃለህ የምትል ሴት፣ በዝናብ ጎንበስ ብላ ላንድ ዓሣ ብላልኝ፣ በሞቴ ትላለች። በተጋባን ዘመን ሁሉ በሞቴ ብላ ያጎረሰችኝን ባስብ ትዝ አላለኝም። ቅናት ደግሞ ተላላፊ ነው፤ በዓሣ ቀናሁ።

እህትማማቾቹ መነጋገር ስላቆሙ የሁለቱ ፖስታ ቤት እኔ ነበርኩ። ታናሿ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ስትወጣ በሱቄ በር ታልፋለች። አንድ ማታ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ብቅ አለችና፣ ጋሼ፣ ሲበርድ አትመግቢው በላት አለችኝ፣ አባባ እንዲህ ሲሆን መኖውን ይሰቅለው ነበር። የኔዎቹ ወደ ታች ወርደው ከጠፉ ቆዩ፣ ሻምበልም ወደዚህ ሊያልፍ ነው የሚታገለው፣ መረቡን ትንሽ ከፍ ብታደርጉለት ምን አለበት አለች። ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ወደዚህ ይለፍ አለች?» አለችኝ። «አባቴን ወሰደች። አሁን ደግሞ ዓሣውን።»

ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ። መረቡን ከፍ ማድረጉ ቀርቶ ዝናቡ ውሃውን ሲያስነሳው ሻምበል ከላይ እንዳይዘል ብላ ሌላ ክንድ መረብ እንድቀጥልበት አዘዘችኝ። ቀጠልኩ። ትንንሾቹ ዓሣዎች አንድ ሁለት እያሉ በኛ በኩል ሆዳቸውን ገልብጠው መንሳፈፍ ጀመሩ። በታናሿ በኩል ግን ምንም የለም። ባለቤቴ የሞቱትን በጭልፋ እያወጣች፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሰው ምን ይሳናታል ትላለች። ውሃው በመረብ ያልፋልና መርዝም ቢሆን ወዲያና ወዲህ አይልም ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ውሃ ወቀጣ ነበር።

አንድ ጠዋት ከደረጃው ላይ ጠራችኝ። መረቡ ታቹ ላይ ተተርትሯል፤ ሻምበል ጭንቅላቱን አስገብቶ ትከሻው ላይ ተይዟል። ቆርጣዋለች አለች። ሄጄ አየሁት። ክር በመቀስ ሲቆረጥና በመፈተግ ብዛት ሲያልቅ ለይቶ ማወቅ እንጀራዬ ነው፤ ይህ የተፈተገ ነበር። ዓሣው በትከሻው ሲገፋ ሲገፋ ስፌቴን ፈቶታል፤ ቅርፊቱም በዚያው በኩል ተልጧል። ይህን ስነግራት ደነገጠች። ግን የደነገጠችው ለቁስሉ ብቻ አይደለም። ለመሄድ ይህን ያህል የሚፈልግ ፍጡር ማየት ለሷ ሌላ ሕመም ነው። ግባና ስፋው አለችኝ።

ሱሪዬን ጠቅልዬ በዝናብ ገባሁ። በኛ በኩል ውሃው ጉልበቴን አላለፈም፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰረስራል። ሻምበልን ወደ ኋላ አላቅቄ፣ መርፌዬን በጥርሴ ይዤ፣ የመረቡን ወዲያኛ ጫፍ ልይዝ አንድ እግሬን አሻገርኩ። እግሬ የሚያርፍበት አጣ። ተገልብጬ ገባሁና እግሬ መሬት ሲያገኝ ውሃው ደረቴ ላይ ነበር፤ ባርኔጣዬ ደግሞ ያለኔ ወደ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ይጓዛል። አማቴ ለካስ የቆፈሩት ሳህን ሳይሆን ማንኪያ ነበር፤ ባንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ በሌላው ጎድጓዳ። እታች እግሬ ስር ያለው ውሃ ከላይኛው ሞቅ ይላል። የታናሿ ዓሣዎች ሁሉ እዚያ ተኝተው ነበር፤ እግሬን እየታከኩ ሲበታተኑ ተሰማኝ።

ጥርሴ እየተንገጫገጨ ወጥቼ ነገርኳት። የሷ በኩል ጉድጓድ ነው፣ የኛ ጉልበት ድረስ ነው፤ ሻምበል የሚታገለው ወደ ጥልቁ ሊወርድ ነው እንጂ እሷን ብሎ አይደለም አልኳት። እፎይ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ባለቤቴ ከተናገርኩት ሁሉ የሰማችው ግማሹን ነው።

«የሷ ይበልጣል ማለት ነው?»

ልብስ ሰፊ የሚለካው ርዝመትና ወርድ ነው፣ ጨርቅ ጥልቀት የለውም አልኳት። ተሸወድን አለች። ጨለማውን እሺ ብላ የወሰደችው ለካስ አውቃ ነው፣ አባቴ ነግሯት ነው፣ ለሷ ያልነገራት ምን አለ አለች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ልላት አፌን ስከፍት ግማሽ ግቢ ሄዳለች። ውሃ እያንጠባጠብኩ ተከተልኳት።

ታናሿ ወደ ሥራ ልትወጣ አንድ ጫማ አድርጋ ሌላውን ይዛ ነው በሩን የከፈተችው። ሁለታችንንም ከራስ እስከ እግር አየችን። ባለቤቴ እንደ ዱሮዋ ከደፉ ውጭ ቆማ ጀመረች። ኩሬው እንደገና ይከፈላል፣ በውሃው ልክ እንጂ በሜትር አይደለም፣ እኔን እንዲህ አታሞኚኝም። ታናሿ ጉድጓዱን አለማወቋ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። እሺ፣ እንዳልሽ ይከፈል፣ ግን ግቢ፣ ትንቀጠቀጫለሽ አለቻት። መልስ ሳትጠብቅ እጇን ይዛ ሳበቻት፤ ባለቤቴ ብርዱ ይሁን ድንገቱ እንጃ፣ አባቷ ወደዚያ ከተሻገሩ ወዲህ ያን ደፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈች። ክፍሉ ጠባብ ነው። መቆሚያ ቦታ የነበረው የአማቴ አልጋ የተነሳበት ጥግ ብቻ ስለሆነ እዚያ ቆማ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

ስለ ኩሬው የጀመረችውን ሳትጨርስ ዞረችና መዳፏን ግድግዳው ላይ ዘረጋች።

«ይሄ ግድግዳ ይሞቃል» አለች።

«ዳቦ ቤቱ ነው» አለች ታናሿ። «ምድጃቸው ከጀርባው ነው።»

«የአባባ አልጋ የት ነበር?»

«እዚሁ። ተጣብቆ።»

የባለቤቴ እጅ ከግድግዳው አልተነሳም። እኔ ደግሞ ሰውዬውን የተሸከምኩበት ቀን መጣብኝ። አንገቴን ያቀፉት ጣቶች በረዶ ነበሩ። ያኔ ሞት ነው ብዬ ነበር፤ ብርድ መሆኑ አልታየኝም። እኔ ወፍራም ሰው ነኝ፣ እኛ ቤት የነበረው ክፍላቸው በርዶኝ አያውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ባለቤቴ።

ታናሿ የያዘችውን ጫማ መሬት አስቀመጠች። «እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው። ያን መስኮት ለኔ ብላ ያስከፈተችው እሷ ናት፣ ነፋሱ የሚገባው በሱ ነው ካልኳት ልቧ ይሰበራል አለ። እትዬ፣ አባባ የመጣው እኔ ጋ አይደለም። ግድግዳው ጋ ነው።»

ይህን ስትል አነጋገሯ ውስጥ የማውቀው ነገር ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ስሰማው የኖርኩት ነው። ግን ከሷ እሰማዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

«ሲጠራኝም ባንቺ ስም ነበር» አለች። «ውሃ ስሰጠው ባንቺ ስም ይመርቀኛል። አንድ ቀን አላረምኩትም። እስከ መጨረሻው እዚህ ክፍል ውስጥ እኔ አልነበርኩም።»

ባለቤቴ እህቷን አየቻትና ወጥታ ሄደች። ታናሿም ባንድ ጫማዋ ተከተለች። ባለቤቴ ሱቄ ገብታ ትልቁን የጨርቅ መቀሴን አመጣች። ያ መቀስ ወረቀት እንኳ እንዲነካ የማልፈቅድለት ነው፤ ዝም ብዬ አየሁ። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባችና መረቡን ከዳር እስከ ዳር ቆራረጠችው።

ሻምበል አንዴ ጅራቱን መታ። ወደ ጨለማው ገባ፣ ወረደ፣ ጠፋ። ባለቤቴ ውሃው ውስጥ እንደቆመች ማልቀስ ጀመረች። እጄን ሰጥቼ ሳወጣት፣ አውቃለሁ፣ ውሃው ነው፣ ግን አንዴ ዞር ብሎ ቢያየኝ ምን ነበረበት አለችኝ። አባቷን ይሁን ዓሣውን እንዳለች አልጠየቅኳትም።

ፀሐይ የመጣችው ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። መምህርቷ እንቁራሪቶቼ መጡ ብላ ለመንገደኛው ሁሉ አወራች። እኔ ካፖርት መቀበል አቆምኩ። መስኮቱን ባለቤቴ ራሷ ግንበኛ ጠርታ በጡብ አስዘጋችው፤ ክፍሉ ጨለመ፣ ሞቀም። እህትማማቾቹ ሰላምታ ጀምረዋል፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ግን የለም። ስሜን ጠራ አልጠራ፣ መረጠኝ አልመረጠኝ፣ ይህ ባንድ ጠዋት ተነግሮ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ከሥራ መልስ አንዷ በፀሐዩ በኩል፣ አንዷ በጥላው በኩል መኖ ይዘው ይቀመጣሉ። ሻምበል ሲነሳ በማን በኩል ይወጣል ነው ነገሩ። ሁለቱም አይሉትም፤ እኔ ግን የሁለቱንም አንገት መሰገግ አይቼ አውቃለሁ።

የወጣው በኛ በኩል ነው። ሳሳ ብሏል፣ የተላጠው ትከሻው ነጭ ሆኖ ገጥሟል፤ አሁን ማዕረጉ አራት ነጠብጣብ ነው። በቀጥታ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ መጣና አፉን ከፈተ። ባለቤቴ ከእጇ አበላችው። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ እኔን ስታገባ ያላየሁት ነው፤ በዚህ ደግሜ ቀናሁ።

ከዚያ ቀና ስትል እህቷን አየች። ታናሿ በወዲያኛው ዳር ተንበርክካ እጇን ባዶ ውሃ ላይ ዘርግታለች። መኖው ጣቶቿ ላይ ሟሙቷል። ፈገግ ለማለት ትሞክራለች። ባለቤቴ ያን ፊት ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አንድ ብርድና አንድ ጸደይ ሙሉ ለብሳው ከርማለች። ዝም ማለት ትችል ነበር። አሸንፋለች፣ ድሉም ከእጇ ላይ እየበላ ነው።

«እዚህ ጋ ውሃው ስለሚሞቅ ነው» አለቻት። «እኔን ብሎ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ታናሿ፤ እጇን ግን አልሰበሰበችም።

ባለቤቴ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ድንጋዩ ጠርዝ ፈቀቅ አለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ከሷ በቀር ማንም ያልተቀመጠበት ድንጋይ ነው።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አለቻት።

ታናሿ ዞራ መጥታ ተቀመጠች። ድንጋዩ ለሁለት ሰው ይጠባል። ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር፤ አልለካሁትም።